ከሁሉ ወስዶ ወደ አንድ

ሐይቅ ከተማ ላይ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣
ይመር አሰበልን፣ ድምፅ የሚነዳት ጀልባ።
ሬድዮ ጠጋኝ ነው፤ የቴፕ፣ የስልክ ሐኪም፣
ዋጋ ሲጠይቁት ቶሎ መልስ አይሰጥም።
እኔ ሽቦ አቀባይ ነኝ፣ የብየዳ ተማሪ፣
ቆርቆሮ ሲጠፋ ከሰፈር ለቃሚ፣ ከሱቅ ተበዳሪ።

መብራት በጠፋ ማታ ሻማ ለኩሶ ጠራኝ።
«እፍ በይው» አለኝ። እፍ አልኩት፤ ጨለማው ዋጠኝ።
ዳግመኛ ለኮሰ፤ «አሁን ደግሞ ሳቢ፣
በዚያው አፍ፣ ከዚያው ቦታ፣ አየሩን ሰብስቢ።»
ሳብኩት፣ ሳብኩት፣ ደረቴ እስኪወጠር ድረስ፤
ነበልባሉ ቆሞ ቀረ፣ ጫፉም ሳይቀለበስ።

«አየሽ? ስትተፊው ወደ አንድ ነው፣ ቀጥ ብሎ በቀጭኑ፤
ስትወስጂ ግን ከሁሉ ነው፣ ከላይ፣ ከታች፣ ከየጎኑ።
ድምፅም እንዲያው ነው፤ ይስባል፣ ይተፋል፣
በጠባብ ቀዳዳ ካሳለፍሽው ልዩነቱ ይገፋል።»

ከሚኒባስ በር የወጣ አንድ ጎርናና እስፒከር፣
ወረቀቱን በሙጫ ሲለጥፍ፣ ሲያደርቅ፣ ሲሞክር፣
ሦስት ሳምንት አለፈ።
ፊቱን በቆርቆሮ ከድኖ፣ መሀሉን በምስማር በስቶ፣
በትንሿ ጣቴ ለካው፣ እጄን ከሥራ ጎትቶ።
ጀልባዋ? ቢጫ የዘይት ጀሪካን፣ በቁመቷ የተሰነጠቀች፣
የሞተር ሳይክል ባትሪ ታቅፋ እንደ እርጉዝ ያዘመመች።

ቅዳሜ፣ ገና በጠዋቱ፣ በደንገሉ ዳር ወረድን።
ሙሄ መረቡን እያራገፈ ከላይ እስከ ታች አየን።
«ምን ታጫውታለች?» አለ፤ «ባቲ ነው? ወይስ አምባሰል?»
ሳቁን ለቀቀው፣ ማዶ ያለ ዘመድ የሚጠራ ይመስል።
«ዜማ የላትም» አለ ይመር፣ «አንድ ጉርምርምታ፣
በሰከንድ ሠላሳ ጊዜ፣ ጆሮ ሳይሆን ሆድ የሚመታ።»

ሽቦውን አገናኘ።
ውኃው ዙሪያዋን ተሸበሸበ፣ ዝንብ እንዳረፈበት የበሬ ቆዳ።
እሷ ግን ቆመች።
ቆመች።
ሙሄ ወደ መረቡ ዞረ፤ እኔም ዓይኔን ወደ ሜዳ።

ከኋላዋ የዳክዬ ላባ ነበር፣ ውኃው ላይ የተኛ፤
መጀመሪያ የሄደ እሱ ነው፤ የነካው የለም፣ ወይ ነፋስ፣ ወይ ዋናተኛ።
ከዚያ እሷ። ስንዝር። ሌላ ስንዝር። አንድ ክንድ፣
ሌባ ድመት መስላ፣ ሰው አየኝ አላየኝ ብላ ስትሄድ።

ከዚያ ወደ ግራ ጠመመች። ቀዳዳው በጣቴ ልክ ነው፣
ጣቴም ጠማማ ነው፣ ልጅ ሳለሁ በር የቀረጠፈው።
ደንገሉ ውስጥ ገብታ ተወተፈች፤ እዚያም ታጉረመርማለች።

ይመር ዋና አይችልም። ሱሪውን ሳይጠቀልል ገባ፣ እስከ ወገቡ፣
መዳፉን ቀዳዳው ፊት ዘርግቶ ቆመ፣ ዓሦች በእግሩ መሀል ሲገቡ፣
ባትሪው እስኪደክም።

ሙሄ መረቡን አስቀመጠ። «ስማ» አለ፣ «ለኔ ታንኳ
ስንት እስፒከር ይበቃል?»
ይመር ዝም አለ። ጣቶቹን ሲያጥፍ አየሁት፣ አንድ፣ ሁለት፣
ከዚያ የኔን እጅ ይፈልግ ጀመር፣ ጣቶቹ ቢያልቁበት።