መለኪያዋ እንጨት

ጌጅ የላትም ቮልሷ፣ ድሮም አልነበራት፤
አባባ ነው በሴንጢ፣ ከዘይቱና ቅርንጫፍ፣
መለኪያ የቀረጸላት።
ኮፈኑን ከፍተህ ትነክራለህ፣
አውጥተህ ቶሎ ታነባለህ፤
የአዳማ ፀሐይ ቤንዚን አይታ አታልፍም፣
ዐይንህን ካሸህ ርጥበቱ አይተርፍም።

አንድ ጣት፣ ወንጂ ደርሶ መልስ።
ሁለት ጣት፣ ሶደሬ።
ነፋሱ ከፊት ከሆነ ግማሽ ጣት ጨምር፤
እትዬ አመለወርቅ ከተሳፈረች
ሙሉ ጣት።

«በሊትር ዐሥራ ሦስት!» ይል ነበር ሲምል፤
እኔ ግን ብደምር፣ ባባዛ፣ ባካፍል፣
ዐሥር ነው። ዐሥር ከምናምን።
ሦስቱ የት ገባ? ብዬ ጠየቅሁት ፊጣን።
ካርቡራተሩን ነፋ፣ ካንዴላውን አየና ሳቀ፤
«አባትሽ ቁልቁለት ካገኘ
ሞተር አጥፍቶ በፎሌ ነበር!»

እኔ ከኋላ ወንበር፣ ያኔ፣
ያ ዝምታ
የመኪናዋ እንቅልፍ ይመስለኝ ነበር።

እንጨቱ እስከ ወገቡ ጠቁሯል፣ ወዝቷል፤
ከዚያ በላይ እንደተላጠ ነጭ ሆኖ ቀርቷል።
ጫፉ ላይ ግን አንድ ጭረት አለ፤
ቤንዚን ነክቶት የማያውቅ፣
«ድሬ» የሚል።
ደመወዙ ለሙሉ ታንክ በቅቶ አያውቅም፤
ሒሳቡን ግን ሠርቶ አስቀምጧል።

ትናንት ሦስት ሰዓት ተሰልፌ ሞላሁ።
እንጨቱን ነክሬ አወጣሁ፤
«ድ» ረጥባለች፤ «ሬ»ም ረጥባለች።
አርባ ሊትር በዐሥር፣ አራት መቶ፤
ለዳገቱ ይህን ያህል፣ ለነፋሱ ይህን ያህል
ብዬ ቀንሼ ሳልጨርስ
ደረቀ።

ደግሜ ነከርኩት።