ጥፍር

የፈሐሂል ሙቀት መስኮቱን ሲልሰው፣
ግራናይቱ ጮኸ፣ ሰማሁት እንደ ሰው።
ትኩስ ድስት ነበረ ያኖርኩበት እኔ፤
ማዳም ሳታይብኝ ከለልኩት በጎኔ።
አየች።
ከደሞዜ ላይ ስድስት ዲናር ሄደ።

ጠጋኙ ጉልዛማን መነጽሩን አድርጎ
ጥፍሩን አስኬደበት፣ መስመሩን ፈልጎ።
«ጥፍር ካዳለጠው፣ ደም ሥር ነው የደንጊያው፤
ከያዘው ግን ስንጥቅ።»
ያዘው።
ሙጫና ጥቁር ዱቄት ለውሶ ሞላበት፤
አሸው፣ ወለወለው፣ መብራት ተኛበት።
«ውሃ አይገባውም። ግን ትኩስ አታሳርፊበት።»

ማታ ስልክ ደወልኩ።
ወንድሜ እንድሪስ ቶሎ ቶሎ አወራ፤
ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤት ሠርግ።
«ሁላችን ደኅና ነን፤ እማዬም… ደኅና ናት።»
ጥፍሬን በድምፁ ላይ ቀስ ብዬ አስኬድኳት፤
«እማዬም» ላይ ያዛት።