ሰባተኛዋ

ሻርጃ ነው፤ ከጎማ ሱቅ በላይ፣ ሦስተኛው ፎቅ፣
አርብ ማታ የአማርኛው ሰዓት ሲጀምር ሞቅ ደመቅ፣
አቅራቢው ከመስታወቱ ወዲያ፣ ማዳመጫውን ደፍቶ፣
«ሰባተኛ ደዋይ!» ይላል፣ እጁን እንደ አጫራች ዘርግቶ።
ስሙም አሸናፊ ነው።
ቆጣሪዋ ግን እኔ ነኝ።

ስድስት መስመር ነው ያለኝ፤ ስድስቱም ባንዴ ሲቀሉ
ማን ቀድሞ ማን እንደ ተከተለ መብራቶቹ መች ያውቃሉ።
እኔ ግን በእርሳስ እጽፋለሁ፤ ስም፣ ሰፈር፣ ስልክ ቁጥር፤
«ሬዲዮሽን ዝጊው እህቴ፣ ያስተጋባል እንዲህ ስንነጋገር።»

ቋሚ ደንበኞች አሉኝ። ከራስ አል ኸይማ የሚደውል ሾፌር፣
መልስ እንኳ አይሞክርም፤ እንዲጠራለት ነው፣ የሰፈሩ ስም በአየር።
ሁለት እህትማማቾች ከአጅማን፣ አራት ሲም ካርድ ያላቸው፣
በአራት ስም ይመጣሉ፤ በሳላቸው ነው የማውቃቸው።

ከዚያ ደግሞ ሱኒል አለ፣ የኬራላው፣ የድምፁ ሰው፤
አማርኛ አያውቅም፤ ሳቅ ግን በጆሮው ነው እንደ ወርቅ የሚመዝነው።
አውራ ጣቱን ካነሣ፣ ሰባተኛ ማለት እሷ ናት፤
ሦስተኛም ትሁን ዐሥራ አንደኛ፣ ብቻ ጩኸት ካላት።

ያ ደግሞ «በቀጥታ» ተብሎ የምትሰሙት ጩኸት
ዘፈኑ እየሄደ ነው የሚቀዳው፤ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ ለጥራት።
«እንደገና እናት ዓለም፤ እንዳልሰማሽ ሆነሽ ደንግጪ።»
ትደነግጣለች። «ጎበዝ። አሁን የወርቅ ቤቱን ስም በጩኸትሽ መሀል አምጪ።»

ሽልማቱ የአንገት ሐብል ነው፣ ዴራ ካለ ወርቅ ቤት፤
በዐሥራ አራት ቀን መምጣት፣ መታወቂያ ማሳየት፣ ፎቶ መነሣት ደንብ አለበት።
ባለቤቱ ያልመጣለት ወደ መሳቢያው ይመለሳል፣
ዞሮ በሌላ አርብ ይሸለማል።

ባለፈው አርብ በአምስተኛው መስመር አንዲት ድምፅ ገባች፤
ድምፅ እንኳ አልላትም፤ በበር ሥር የምታልፍ ወረቀት ነበረች።
«ማን ልበል?» «ዘሀራ ይመር።» «ከየት?» «ከአል ዓይን፣ ከልብስ ማጠቢያው ክፍል፤
ማዳም ተኝታለች፤ ጮክ ብዬ ማውራት አልችል።»
ጥያቄው «ስሙም ሐይቅ የሆነ ሐይቅ የት ይገኛል?» የሚል ነበር፤
«ወሎ» አላለችም። «ከኛ ቤት ቁልቁል» አለች፣ እንደ ተራ ነገር።

ቆጠርኩ፤ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ደግሜ፤
ሰባት። እርሳሴን ጫን አድርጌ ከበብኩት፣ ከወንበሬ ቆሜ።

ሱኒል ድምፁን ማጉያው ላይ ለቀቀ፣ ገፋው እስከ ጫፍ፤
የገባው ማጠቢያ ማሽኑ ነው፣ ከሷ ትንፋሽ የሚገዝፍ።
አውራ ጣቱ አልተነሣም። አሸናፊም በመስታወቱ በኩል
«ከቤት አትወጣም» አለኝ፤ «ፎቶውን ማን ይነሣል? ሌላ ይሻል።»
ሌላ ሰጠሁት፤ ከዴራ፣ ከፀጉር ቤት፣ ብርክታዊት፤
ዐሥራ ሁለተኛ ነበረች። ጩኸቷ ግን፣ አቤት!

ዘፈኑ አለቀ። ማስታወቂያው አለቀ። ዜናውም ተነቦ በቃ፤
አምስተኛው መብራት ግን አልጠፋም። አርባ ደቂቃ።

አነሣሁት። ማሽኑ ቆሟል፤ ጸጥታው ራሱ በማጉያው ይሰማል፤
«እትዬ» አለች፣ «ስለ ሐብሉ አይደለም፤ ሐብል እኔ ጋ የት ይቀመጣል?
ስንተኛ እንደ ነበርኩ ብቻ ንገሪኝ።»

ወረቀቱ ፊቴ ነው። ሰባቱ፤ ክቡ፤ ጫን ያልኩት እርሳስ።
«ስምንተኛ» አልኳት።

ሳቀች። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ የሆነችው ያኔ ነው፤
«ወይኔ! ለጥቂት! ለጥቂት ነው ለካ ያመለጠኝ! ለጥቂት ነው!»

ሱኒል በሩ ላይ፣ የመኪና ቁልፍ እያንቃጨለ፣ ዞረ፤
አውራ ጣቱን ቀስ አድርጎ አነሣ።
መብራቱ ጠፍቶ ነበረ።