የጋቢናው በር

ደላላው ምንይችል በጠዋት መጣና፣
«ገዢ ተገኝቷል፤ ጋሼ ይነሡና
ዝገቱን በስቱኮ፣ ስቱኮውን በቀለም እንሸፍነውና
አፉን ዘግቶ ይቁም። ስሙ ይበቃዋል፤
ላንድሮቨር ያሉት ቆሞም ይሸጣል።»

እሺም አላልኩት። እምቢም አላልኩት።
እዚህ ዓለም ገና፣ ከሰበታ መለስ፣
ሰው ቤቱ ይገባል ግድግዳው ሳይለሰን፣ ጣራው ሳይጨረስ።
ፎቁ ገና፣ ቧንቧው ገና፣ አስፋልቱም ገና፤
ያለቀለት ቢኖር በዚህ ሁሉ መሀል የኔ መኪና።

ገዢዋ ደረሰች በባጃጅ፤ ልጅ እግር፣
ሲፈን ነው ስሟ፤ ብየዳ ያጠቆረው ጣት፣ ብየዳ የበላው ጥፍር።
ሰላምታ ሳታስረዝም፣ ጃኬቷን አንጥፋ
ከሻንሲው ሥር ገባች፤ ጫማዋ ሲቀር እሷ ጠፋች ጠፋ!
ምንይችል ከላይ ይምላል በእናቱ፤
እሷ ከታች በመፍቻ ታንኳኳለች፤ ይረግፋል ዝገቱ።

ያኔ ነው አፌ የተከፈተው።
«ስሚኝ ልጄ» አልኩ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ለጫማዋ፦
«ካምቢዮው ሦስተኛን ይተፋል። ፍሪሲዮኑ አልቋል።
ሰልባትዮው ያነባል፤ በሳሙና ደፍኜው ነበር፣ እሱም ታጥቧል።
ባትሪው የጎረቤት ነው፤ ይመለሳል ማታ።
ክላክሱ የሚጮኸው ወደ ግራ ሲታጠፍ ነው፣ ያለ ይሉኝታ።
ቦሎ ካየ ሦስት ዓመቱ፤ ሊብሬው ግን አለ።
ለውሃ ቁፋሮ መሥሪያ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነድቼው፣
ቦረና ወስጄ፣ አፋር ወስጄ፣ በሰላም መልሼው፣
ጡረታ ያወጡን፣ እኔንም እሱንም፣ በአንድ ሳምንት ነው።
እኔን በደብዳቤ። እሱን በጨረታ። ማን ይግዛው? እኔው።»

ምንይችል ክንዴን ቆነጠጠ፦
«ጋሼ፣ ይሸጣሉ ወይስ ይናዘዛሉ?»
እሱ በቆነጠጠኝ ቁጥር የባሰ ተናገርኩ፤
ቋጠሮው እንደተፈታ ጆንያ ተዘረገፍኩ።

አንድ ነገር ቀረኝ።
የጋቢናው በር ከውስጥ አይከፈትም።
ያንን ግን በየት በኩል እንደምጀምረው አላወቅኩም።

እሷው አገኘችው። ገብታ ተቀመጠች፤ እጀታውን ሳበች፣
ደግማ ሳበች፤ በመስታወቱ አይታኝ ሳቀች።
ዞሬ ከፈትኩላት።
«ይቺማ ቀላል ናት፤ ስፕሪንጓ ነው፤ ግማሽ ቀን አትፈጅም።»
«እሷን ተያት» አልኩ። ድምፄ የኔ አይመስልም።

እንዴት ብዬ ልንገራት?
ለቅሶም ይሁን ሰርግ፣ አልጣሽ ከውስጥ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች፤
ወርጄ፣ በኮፈኑ ዞሬ እስክመጣ ነጠላዋን ታስተካክላለች።
«አሠራው እንጂ» ትለኛለች፤ «ነገ» እላታለሁ።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ «ነገ» ብያታለሁ።
«ሰነፍ ነው» ይለኛል ጎረቤት። ይበሉኝ።
ሰው ፊት እጇን ለመያዝ ሌላ ሰበብ ማን ይስጠኝ?
አሁን እሷም የለች። ስሟን ያወጡላት
አልጣሽ ያሉት ለራሳቸው እንጂ ለኔ አልጸለዩላት።

ለሲፈን ይሄን ሁሉ አልነገርኳትም።
«በሩን ካልነካሽው ሦስት ሺህ ይቀነስ» አልኩ።
ምንይችል ራሱን ያዘ፦ «ላለመጠገን ቅናሽ! ጉድ በል ዓለም ገና!»
እሷ እጇን በጨርቅ ጠረገች፤ ዘለግ አድርጋ አየችኝና
«እሺ» አለች። ለምን አላለችም።

በገመድ ታሰረ፤ በአይሱዙ ተጎተተ።
ሲፈን መሪው ላይ፣ ምንይችል ጋቢና፣ ኮሚሽኑን እየቆጠረ።
ዶሮዬ ከኋላ ወንበር ሥር የጣለችው እንቁላልም አብሯቸው ሄደ፤
ትዝ ያለኝ በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው።

አስፋልቱ ጫፍ ላይ ገመዱ ተበጠሰ። ቆሙ።
ትንሽ ቆይቶ ተሰማኝ፣ መስታወት በቡጢ ሲመታ፤
ምንይችል ነው፦ «ክፈቱልኝ! ኧረ በጌታ!»

ልስቅ ነበር።
እግሬ ግን ቀድሞኝ ከግቢው ወጥቷል፤
በኮፈኑ በኩል ሊዞር፣ ቁልቁል ሩጫ ጀምሯል።