የውሃ ልክ

በማለዳ ሄድን፣ ፀሐይ ሳትጠነክር፣
ከካራውሊ ወዲያ፣ ቀይ ድንጋይ ሀገር፤
አሥራ ሁለት ነበርን፣ ለሥልጠና የተላክን፣
ነጭ ጋዋን ለብሰን፣ ማዳመጫ አንግተን።

መምህራችን ሱሎቻና መጽሐፏን ዘጋችው፤
አንድ ሽማግሌ ደግፋ ከፊት አስቀመጠችው።
«የዛሬው መጽሐፍ ሐርፉል ነው» አለችን፣
«በጆሮ ነው የሚነበብ፤ ተራ ግቡ» ብላን።

ሰባተኛ ነበርኩ።
ማዳመጫውን ከጀርባው ላይ አሳረፍኩ።
ነፋስ ጠብቄ ነበር፤
የሰማሁት ግን ኮቴ ነው፣ በደረቅ ቅጠል ላይ ሲያዘግም፣ ሲሰባብር፣
ሁለት እርምጃ ሄዶ ደክሞት የሚቆም፣
ቆሞም የማይቀር።

«ዕድሜዎ ስንት ነው?» አንቱ ብዬ ጠየቅሁ።
ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆነ። ማዳመጫውን አነሣሁ።
«አርባ አንድ» አለኝ፣ ሳሉ ፋታ ሲሰጠው።
ታላቅ ወንድሜ እኮ አርባ ሦስት ዓመቱ ነው፣
እሑድ እሑድ ክሪኬት ነው የሚጫወተው።

ካርዱን ገለጥኩ። ሦስት ጊዜ «ሳንባ ነቀርሳ» ይላል፤
ሦስት ጊዜ መድኃኒቱን ጨርሶ ወስዷል፣
በሦስት ሐኪም እጅ፣ በሦስት ዓይነት ቀለም።
«ሥራ» ከሚለው ፊት ግን የተጻፈ የለም።
ሱሎቻና ጣቷን ከባዶው መስመር ላይ አኖረች፤
«ሥሩ ከሥራው ነው። ማንም አልጠየቀም» አለች።

«ከአሥራ ሁለት ዓመቴ» አለ «ፈለጥኩ፣ ጠረብኩ፣
የስንቱን ደረጃ፣ የስንቱን ምሰሶ አለዘብኩ።
የሰው ግድግዳ ሁሉ በውሃ ልክ ቆመ፤
ለኔ የውሃ ልክ ጠፋና ደረቴ በአቧራ ታተመ።»
እስክሪብቶ አወጣሁ፤
«ድንጋይ ጠራቢ» ብዬ ባዶዋን ሞላሁ።

«ምን ነበር የሚያድንህ?» አለች ፑሽፓ ቸኩላ፤
«ነበር» ማለቷን ስትሰማው አንገቷን ደፋች ኋላ።
ሐርፉል አልከፋውም። «መሰርሰሪያው ጫፍ ላይ ጠብ የምትል ውሃ።
ሌላ ምን አለ፣ በዚህ በረሃ?»

ከሰዓት ወደ ካባው ወረድን፤
በነጩ ጋዋን ላይ ቀይ ካባ ደረበልን።
መሰርሰሪያው ይጮኻል፣ አቧራው ይጨሳል፣
አንድ ጎረምሳ በሻሽ አፉን ሸፍኖ ይስላል።
ኮንትራክተሩ ሳቀ። «ውሃ?» አለ፣ «ለድንጋይ?
ሚስቶቻቸው ሁለት ሰዓት ተጉዘው ከሚቀዱት ላይ?»
እውነቱን ነበር። ዝም አልን።
በመጽሐፋችን ለዚህ ገጽ አልነበረን።

ሐርፉል ነው የመለሰ፣ በአገጩ እያመለከተ፦
«አሮጌው ጉድጓድ ውስጥ አለ፣ ከክረምት የሰነበተ፣
አረንጓዴ ውሃ፤ ከብት እንኳ የሚጠየፈው።
አቧራ ግን አይመርጥም፤ የሰጡትን ነው የሚጠጣው።»
«ማዳመጫውን አውልቁ» አለች ሱሎቻና፣ ገመድ እየሰጠችን፤
«ዛሬ የምናክመው ካባውን ነው፤ ስንት ሜትር ቱቦ ይበቃን?»

ገመዱን ይዤ ወረድኩ። እሱ ከድንጋይ ላይ ተቀምጦ
ጮክ ብሎ ይቆጥርልኛል፣ ዓይኑን ገመዱ ላይ አፍጦ፤
ሰማንያ ስድስት፣ ሰማንያ ሰባት... ሳሉ አቋረጠው።
በሱ ፋንታ አልቆጠርኩም።
ገመዱን ወጥሬ ጠበቅሁት፣ እስኪቀጥለው።