አርባ ሺህ በር

ካምባዶስ ላይ ዝናብ፣ እንደ ልማዱ ነው፣
የወደቡን ድንጋይ ሌት ተቀን ሲያጥበው።
ሳቤላ ቆማለች ከቆርቆሮው ክምር፤
ሦስት ሺህ ሰርዲን፣ የማይነቃነቅ ቁጥር።
እኔ የሷ ሂሳብ ያዥ፣ ቀይ እስክሪብቶ የያዝኩት፣
ያን ሰሞን ነገሩን ከጅምሩ አየሁት።

ከቪጎ የመጣ፣ ጫማው የሚያበራ፣
ነጋዴ ነበረ፣ ስም የሚቸረችር በጅምላ፣ በተራ።
«አርባ ሺህ አድራሻ፣ ሁሉም ዓሣ ወዳድ» አላት፤
በሁለት መቶ ዩሮ ዝርዝሩን ሸጠላት።

ሰኞ ጠዋት ላከች። አርባ ሺሁን በር
በአንድ ትንፋሽ አንኳኳች፣ ሳታውቅ ማን እንደነበር።
ማክሰኞም ደገመች። ሐሙስ ቅናሽ ጨምራ፣
ርዕሱን በቃለ አጋኖ እንደ ባንዲራ ወጥራ።
ዓርብ ዕለት ዝምታ።

የኦውሬንሴው ሐኪም፣ ሃያ ዓመት የገዛን፣
«ደብዳቤያችሁ ቀረ፣ ምነው?» ብሎ ደወለልን።
ፈልጎ አገኘው ኋላ፦ ከሐሰት ሎተሪ፣ ከክኒን ሻጭ መሃል፣
አይፈለጌ ከሚሉት ጉድጓድ ውስጥ ተጥሏል።
«ምን አጠፋሁ?» አለች ሳቤላ፤ ተቆጣች፤
ወደማይታይ ሰርቨር ጣቷን ቀሰረች።

የነገራት ኤላዲዮ ነው፣ ጡረተኛው ፖስተኛ፣
ጉልበቱ የተጎዳ፣ ምላሱ ግን ጤነኛ።
«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደብዳቤ አድያለሁ» አለ፤
«ቤት ሁሉ ቤት አይደለም፣ ውስጡ ሰው ካልዋለ።
የተዘጋ መስኮት በየቀኑ የሚደበድብ፣
መንደር ይታዘበዋል፤ እንደ ሌባ ነው ሚታሰብ።
ደግሞ ባዶ በር አለ፣ ሰው የለቀቀው ድሮ፣
ከኋላው የተቀመጠ፣ የሚያደባ ጆሮ፣
ማን እንደሚያንኳኳ የሚጽፍ ቆጥሮ።
ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት፤
ያንቺን ጎረቤት ይዞታል፤ አሁን እየተከተለ ነው።»

ሥራው ረጅም ነበር፤ ለግጥም አይመችም።
ማኅተም አበጀንላት፣ ሌላ ሰው በስሟ እንዳይልክ የትም።
«አልፈልግም» የምትለዋን ቃል፣ ጉንዳን የምታህለዋን፣
ከግርጌ አንስተን አናት ላይ ሰቀልናት፣ ሁሉም እንዲያያት።
የገዛነውን ስም ጠራርገን ሰረዝን፤
«ሁለት መቶ ዩሮዬን» አለች፣ እየሳቀች በሐዘን።
ከነባሩም መሃል፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልከፈተ
ማን እንዳለ አየን፦ ማን ሄደ፣ ማን ተረሳ፣ ማን ሞተ።

እዚያ ላይ ጣቷ ቆመ።

ብራይስ። ወንድሟ።
ግራን ሶል ላይ መረብ ሲጥል ማዕበል የወሰደው፣
የዛሬ አራት ዓመት።
ዝርዝሩ ላይ የመጀመሪያው እሱ ነው፣ ቁጥር አንድ፤
ንግዱን ስትጀምር እየቀለደ በገዛ እጁ የተመዘገበ፦
«እስኪ አንድ ደንበኛ እንኳ ይኑርሽ።»
አራት ዓመት ሙሉ የሰርዲን ዋጋ ልካለታለች፣
በየሐሙሱ።

«ይሄኛው ይቆይ» አልኳት፤ «አንድ ስም ምን ይጎዳል?»
ዝም አለች። ዝናቡ ጣሪያውን ይወቅጣል።
ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ፤
መቃብር የሌላቸው፣ ስማቸውን የት ያውሉ?

ከራሷ ስልክ ጻፈች፣ ከፋብሪካው ሳይሆን፣ አንዲት መስመር፤
ምን እንዳለችው አላየሁም፤ ፊቴን አዙሬ ነበር።
ደቂቃ ሳይሞላ ተመለሰ፦ «ይህ አድራሻ የለም።»
ያ መልስ፣ ለካ፣ ስንልክለት በኖርንበት ዘመን ሁሉ
በየሐሙሱ ሲመጣ ኖሯል፣
ማናችንም ከፍተን በማናውቀው ሳጥን።

ሰረዘችው።

በሳምንቱ ለሃምሳ ሰው ላከች፣ መልካቸውን ለምታውቅ፤
ቀጥሎ ለመቶ፤ ቃለ አጋኖ የለ፣ ቅናሽ የለ፣
«ጀልባዎቹ ትናንት ገቡ፤ ዓሣው ዘንድሮ ደቃቃ ነው» ብቻ።

ከኦውሬንሴ መልስ መጣ፦
«ደረሰኝ። ስድስት ቆርቆሮ ላኪልኝ።»
ስድስት ብዬ ጻፍኩ።
ሂሳቡ ገና ቀይ ነው።