ቡናማዋ የቷ ናት?

ሐሙስ ከሰዓት ነው፤ ካፊያው አላባራም፣
ቴግዊን ወሬ አያበዛም፣ ዝናብም አይፈራም።
ጭኑ ላይ ቆርቆሮ፣ የብስኩት፣ ክዳኑ የላላ፣
ሁለት ክረምት ሙሉ የኪሳችንን የበላ።
ከጡረተኛው ግሊን፣ ከአናጢው ከኢሎ፣
ከኔም፣ ከሹፌሩ፣ ሳንቲም በሳንቲም ላይ ተጥሎ፣
አሁን ወደ ስዋንሲ፣ ቁልቁል በሸለቆው፣
የስኑከር ኳስ ሊሆን ይወርዳል፣ እየተንቃጨለ በቆርቆሮው።

ያዳራሹ ኳሶች በዕድሜ እኔን ይበልጣሉ፤
የከሰል ቆፋሪዎቹን ዘመን ያስታውሳሉ።
ነጯ የአጫሽ ጥርስ መስላለች፤ ጥቁሯ ተፈልፍላለች፤
ሮዟ ቀጥ ብላ ትነሣና መሐል ላይ ሐሳቧን ትቀይራለች።
«ይብቃ» አለ ግሊን፣ የዓመቱ ስብሰባ ላይ፤
«ቴግዊን ይሂድና ይምረጥ፤ ከሱ በላይ ማን አለ ኳስ የሚያይ?»
ሁላችንም ሳቅን። እሱም ሳቀ።
ምክንያቱም ቴግዊን፣ ሸለቆው ሁሉ እንዳወቀ፣
ቀለም አልቆጠረም።
ማንበቡንማ ያነባል፤ የቤተ ጸሎቱን መዝሙር በቃሉ ይወጣል፤
ዓይኑ ግን ቀይና ቡናማን እንደ መንታ ያምታታል።

አርባ ዓመት ሙሉ፣ ጎንበስ ሊል ሲል፣ ስቴካውን አስተካክሎ፣
ተጋጣሚውን ይጠይቃል፣ «ቡናማዋ የቷ ናት?» ብሎ።
ባጥር ወሰን የሚካሰስ፣ በሩብ ፓውንድ የሚኳረፍ ሰው፣
ለቴግዊን ግን ዓይኑን አውሶታል፤ አንድም ቀን አልዋሸው።
ከሁሉም አብልጦ ያዋሰው ሞርሌስ ነበረ፤
በመጋቢት ቀበርነው። ስቴካው ግድግዳው ላይ ቀረ።

ሱቁ ጠባብ ነው። ኤሉኔድ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣
ሦስት ሳጥን አወጣች፣ አንዱን ባንዱ ላይ አዝላ።
«ሚዛን አለሽ?» አላት። የደብዳቤ ሚዛን ሰጠችው።
ሃያ ሁለቱን አንድ በአንድ፣ እንደ እንቁላል እየሳሳላቸው።
ርካሹ ሳጥን ወዲያው ወደቀ፤ አንዷ ቀይ ስምንት ግራም ትከብዳለች፤
«ይቺ» አለ፣ «ገና ሳትመታ ዋሽታለች።»

ሁለተኛውን ከፈተ። ቡናማዋን ከቀዮቹ መሐል አኖረ፤
ጎንበስ አለ። ዝም አለ። መነጽሩን አውልቆ እንደገና ሞከረ።
ጠቆር ያለች ነበረች፣ ዝናብ የመታው ግንድ መሳይ፤
«አየኋት» አለኝ ቀስ ብሎ፣ በሰባ ዓመቱ ቡናማ ሲያይ።
በቃ፣ ተገኘ ብዬ ኪሴ ውስጥ ቁልፌን ስፈልግ፣
እሱ ሚዛኑን ሳበ፤ ልማድ ነው፣ ምን ያድርግ።
ሁለት ቀዮች በአራት ግራም ጎደሉ።
ሦስተኛው፣ ውዱ፣ ልክ ነው፤ ሃያ ሁለቱም ይተካከላሉ።
እዚያ ግን ቡናማዋ ከቀዮቹ ተደባልቃ ጠፋችበት።
ቆመ። ሁለቱን ሳጥን በየተራ መዳፉን አሳረፈበት።
«ይሄኛው» አለ፣ ውዱን። «አንተ አታያትማ» ብለው፣
«የኔ ኪስ ብቻ ነው እንዴ?» አለኝ፣ ክዳኑን ሲዘጋው።

ሻንጣ ቀረ። አንዱ ቆዳ ነው፣ ያማረ፣ ማሰሪያው ግን የሳሳ፤
አንዱ አሉሚኒየም፣ ሃያ ሁለት ጉድጓድ፣ ሲዘጋ እንደ በር የሚያገሳ።
ቴግዊን አነሣው፤ እስከ በሩ ሄዶ ተመለሰ፤
እኔን «ያዝ» አለኝ፤ እጀታውን ከመዳፌ ጋር ለካ፣ ዳሰሰ።
«የኔ ትከሻ አብቅቷል፤ የምትሸከመው አንተ ነህ፤
እጅህን ካልቆረጠህ ይሄ ይሁን፤ ምን ትላለህ?»
አራት ፓውንድ ጎደለን። ኤሉኔድ ቆርቆሮውን አየችና፣
«እሱን ጨምሩልኝ» አለች፤ «ጠመኔ አስቀምጥበታለሁና።»

ሻንጣው አሁን ቆርቆሮው የነበረበት ጭን ላይ ነው፤
ከፈተው። ዘጋው። ዝናቡን አየ። እንደገና ከፈተው።
ከድልድዩ ማዶ ቀይ መብራት አቆመን፤
የመጥረጊያው ድምፅ ብቻ ነው የቀረን።
«ቡናማዋ የቷ ናት?»
ጣቱን ይዤ አኖርኩት። «ይቺ። ከሰማያዊዋ ጎን ናት።»
«ማክሰኞ ከኔ ጋር ነህ» አለ፣ አውራ ጣቱን ከላይዋ ሳያነሣ፤
«እንዳታዝንልኝ።»
መብራቱ ተለውጦ ኖሯል፤ ከኋላችን ጥሩምባ ተነሣ።